ቤት ድረስ የመጣ ተሃድሶ፦ የሳንባ ሕሙማንና የስልክ ሕክምና

ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ቆሞ ግድግዳ የሚይዝ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ ለመመለስ ሦስት ጊዜ የሚያርፍ፣ ጫማውን ለማሰር ሲያጎነብስ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው በየሰፈራችን አለ። ቤተሰቡ “አስም ነው” ይላል፤ ሕመምተኛው ራሱ “ብሮንካይት አለብኝ” ይላል፤ የዕድሜ ነገር ነው ብሎ የሚያልፈውም ጥቂት አይደለም። የሚሰጠው ምክር ግን በየቤቱ አንድ ዓይነት ነው፦ “አይድከሙ፣ አርፈው ይቀመጡ።” ውኃ ይቀዳለታል፣ ሱቅ የሚላክለት ልጅ ይፈለግለታል፣ አልጋው ከፎቅ ወደ ምድር ቤት ይወርድለታል። ሁሉም ከፍቅር የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ ስር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ከምንጎዳባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ፍቅራችን መሆኑን የሕክምናው ሳይንስ ካረጋገጠ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል።

ትክክለኛው ሕክምና የሳንባ ተሃድሶ ይባላል። ዋናው ይዘቱም ሕመምተኛውን በባለሙያ ክትትል ማሠራት፣ ማራመድ፣ ማላብ ነው። ይህ ሕክምና ባለፉት አሥር ዓመታት ገደማ በኢንተርኔትና በስልክ አማካይነት ወደ ሕመምተኛው ሳሎን መግባት ጀምሯል። ጸሐፊው የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለም፤ በመሆኑም እዚህ የሚቀርበው የታተሙ ጥናቶች ያረጋገጡት ሲሆን፣ አንድ አንባቢ ለራሱም ሆነ ለወላጁ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አውቆ እንዲጠይቅ ይረዳው ዘንድ ነው።

የትኛው በሽታ?

ስር የሰደደ የሳንባ ሕመም የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው። ዋነኛው ባለሙያዎች ሲኦፒዲ የሚሉት፣ የአየር ቧንቧዎች ቀስ በቀስ እየጠበቡ፣ ትንንሾቹ የአየር ከረጢቶችም እየተበላሹ የሚሄዱበት በሽታ ነው። ከአስም የሚለየው ጥበቱ በመድኃኒት ሙሉ በሙሉ የማይመለስ በመሆኑ ነው። የሳንባ ጠባሳ፣ አክታ የሚያጠራቅመው ብሮንኪየክታሲስ እና ከቲቢ በኋላ የሚቀረው ጉዳትም እዚሁ ውስጥ ይገባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ሲኦፒዲ 3.5 ሚሊዮን ሰዎችን የገደለ ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካሉት ገዳይ ምክንያቶች አራተኛው ነበር። ዕድሜያቸው ከ70 በታች ሆኖ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ውስጥ 90 በመቶ ያህሉ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ምክንያቱም ከአገር አገር ይለያያል። በሀብታሞቹ አገሮች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ሕመም በሲጋራ የሚመጣ ሲሆን፣ በድሆቹ አገሮች የሲጋራ ድርሻ ከ30 እስከ 40 በመቶ ነው፤ ከቀሪው ውስጥ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የማድ ቤት ጭስ ነው። ሲጋራ በአፏ ገብቶ የማያውቅ፣ ነገር ግን አርባ ዓመት ሙሉ በእንጨትና በኩበት እንጀራ የጋገረች እናት ለምን እንደምታለከልክ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሽታው በግምት አይታወቅም። ስፓይሮሜትር በተባለ መሣሪያ ውስጥ በኃይል ተተንፍሶ፣ በመጀመሪያው ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ጋር ይነጻጸራል። ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት ተወስዶም ይህ ንጽጽር ከ0.70 በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ሳይደረግ “ሲኦፒዲ ነው” ወይም “አስም ነው” ተብሎ ለዓመታት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የምርመራ ውጤቱን የመጠየቅ መብት አለው።

የሚታከመው እግር ነው

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው እንግዳ ነገር እዚህ ላይ ነው። የሳንባ ተሃድሶ ሳንባን አያድስም። ሕመምተኛው ፕሮግራሙን ጨርሶ ስፓይሮሜትሩ ውስጥ ቢተነፍስ ቁጥሩ ከቀድሞው እምብዛም አይለይም። የሚለወጠው ሌላው አካል ነው፤ ከሁሉም በላይ የጭንና የእግር ጡንቻ።

ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው መንቀሳቀስ ይፈራል። ስለሚፈራ ይቀመጣል። ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል። የሟሸሸ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ቶሎም አሲድ ያጠራቅማል፤ ያንን ለማስወገድ ደግሞ ሳንባ የበለጠ እንዲሠራ ይገደዳል። በጠበበ ቧንቧ ቶሎ ቶሎ ሲተነፈስ የገባው አየር ሳይወጣ ሌላው ይደርብበታል፤ ደረቱ እንደተነፋ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ትናንት በር ድረስ ሲሄድ ያለከልክ የነበረው ሰው ዛሬ ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ ያለከልካል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ በሽታው ባሰበት ይልና ጭራሹን እንዳይነሳ ይከለክለዋል። ሳንባው ግን ባለበት ነው፤ የባሰበት እግሩ ነው።

ሕክምናው ራሱ በአንድ ወቅት የቤተሰቡን ምክር ይጋራ ነበር። እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐኪሞች ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ዕረፍት ያዝዙ ነበር። በ1960ዎቹ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ቶማስ ፔቲ እና ባልደረቦቻቸው ተንቀሳቃሽ ኦክስጅን እያስያዙ ሕሙማኑን ማራመድና ማሠልጠን ጀመሩ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚያጣራ ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ፣ 3,822 ሕሙማን የተሳተፉባቸውን 65 ጥናቶች አንድ ላይ መርምሮ ተሃድሶ የወሰዱት በትንፋሽ ማጠር፣ በድካምና በዕለት ኑሮ ካልወሰዱት የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። በስድስት ደቂቃ ውስጥ የሚራመዱት ርቀት በአማካይ በ44 ሜትር ገደማ በልጧል። ባለሙያዎች ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው የሚሉት ልዩነት 30 ሜትር ያህል ነው። ማስረጃው ከመጠናከሩ የተነሳ ገምጋሚዎቹ ተሃድሶን ከተለመደው ሕክምና ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ሌላ ጥናት ከእንግዲህ እንደማያስፈልግ ጽፈዋል። አንድ የሳይንስ ክርክር እንዲህ ተዘግቶ ማየት ብዙም የተለመደ አይደለም።

ፕሮግራሙ ምን ይመስላል? አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ ሕመምተኛው 30 ሜትር ርዝመት ባለው ኮሪደር ለስድስት ደቂቃ ይራመዳል፤ የሄደበት ርቀት፣ የልብ ምቱና የኦክስጅን መጠኑ ይመዘገባል። ከዚያ ተነስቶ ለእርሱ የሚስማማው ፍጥነት ይወሰንለታል፤ ለምሳሌ በፈተናው ከተራመደበት ፍጥነት 80 በመቶው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ እየቆየም በቀን እስከ 30 ደቂቃ ይራመዳል ወይም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት ይነዳል። ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ክብደት ማንሳት ይጨመርበታል። ትንፋሹ ምን ያህል እንዳጠረ ከ0 እስከ 10 ባለ መለኪያ ይጠየቃል፤ “ምንም አልደከመኝም” ካለ ሥራው ቀሏል ማለት ነው። ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርጎ ቀስ ብሎ ማስተንፈስን፣ ሲደክም ክርንን ጉልበት ላይ አስደግፎ ወደፊት ማዘንበልን ይማራል። የሚሳበውን መድኃኒት አወሳሰድም በባለሙያ ፊት ያሳያል፤ ብዙ ሰው ለዓመታት ጉሮሮው ላይ ብቻ ሲረጨው እንደኖረ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። አክታው ቀለሙን ሲለውጥ፣ ትንፋሹ ከወትሮው ሲብስ ምን ማድረግ እንዳለበትም ይነገረዋል።

ችግሩ መንገዱ ነበር

ይህን ያህል ከተመሰከረለት፣ ሁሉም ሕመምተኛ ለምን አይወስደውም? እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሰፊ ጥናት፣ በሲኦፒዲ ምክንያት ሆስፒታል ተኝተው የወጡ 197,376 አረጋውያንን መዝገብ መርምሯል። ሁሉም የመንግሥት የጤና መድን ያላቸው ናቸው። ከሆስፒታል በወጡ በ90 ቀናት ውስጥ ተሃድሶ የጀመሩት 1.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከጀመሩት መካከል በዓመቱ ውስጥ የሞቱት 7.3 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልጀመሩት ወይም ዘግይተው ከጀመሩት ግን 19.6 በመቶ ናቸው። የጀመሩት ቀድሞም የተሻለ አቅም የነበራቸው ሊሆኑ ስለሚችሉ ልዩነቱ በሙሉ የተሃድሶው ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ አጥኚዎቹ ይህን በስሌት ለማስተካከል ሞክረው ልዩነቱ ጠብቦም ቢሆን አልጠፋም።

መድን ያለው አሜሪካዊ እንኳ ያልሄደበት ምክንያት ውስብስብ አይደለም። ማዕከሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ሩቅ ናቸው፤ ሕመምተኛው ደግሞ መሄድ የሚያቅተው ሰው ነው። መራመድ ያልቻለን ሰው በሳምንት ሦስት ጊዜ ከተማ አቋርጠህ ና፣ መራመድ እናስተምርሃለን እንደማለት ነው። በክረምት፣ በታክሲ ሰልፍ፣ ኦክስጅን ተሸክሞ።

ሜልበርን በስልክ፣ ፖርትስማውዝ በኢንተርኔት

የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ቶራክስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጸሐፊ ከሁሉም ይበልጥ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም በውስጡ ምንም የረቀቀ ቴክኖሎጂ የለም። 166 ሕሙማን በዕጣ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ለስምንት ሳምንት በሳምንት ሁለት ጊዜ ማዕከል ሄደ። ሁለተኛው ወገን ግን ፊዚዮቴራፒስት አንድ ጊዜ ቤቱ መጥቶ አየው፤ ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በጠቅላላው ሰባት ጊዜ፣ ስልክ ደወለለት። በቃ። ሕመምተኛው በሰፈሩ ይራመዳል፣ ቤት ውስጥ ባለው ዕቃ ክብደት ያነሳል፣ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግባል፤ ባለሙያው በስልክ “በዚህ ሳምንት ስንት ቀን ሄዱ? ምን አስቸገረዎት? በሚቀጥለው ሳምንት ስንት ደቂቃ እንጨምር?” ይላል። በመጨረሻው ሲለኩ የቤቶቹ ርቀት ከማዕከሎቹ አላነሰም። ፕሮግራሙን የፈጸሙት ግን ከማዕከሉ ወገን 49 በመቶ ሲሆኑ ከቤቱ ወገን 91 በመቶ ነበሩ።

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ፖርትስማውዝ የተደረገው ሌላ ጥናት ደግሞ በትክክል የኢንተርኔት ነበር። 90 የሲኦፒዲ ሕሙማን ተሳትፈው፣ 64ቱ ማይፒአር በተባለ የኢንተርኔት ፕሮግራም ለስድስት ሳምንት ቤታቸው ሆነው ቪዲዮ እያዩ ሠሩ፤ 26ቱ ማዕከል ሄዱ። በእርምጃ ርቀትም በበሽታው ምልክትም የኢንተርኔቱ ወገን ከማዕከሉ ወገን አላነሰም። የሕግ ሰው ዓይን የሚያርፍበት አንድ ነገር ግን አለ፦ ከጥናቱ አዘጋጆች መካከል የፕሮግራሙ ባለቤት የሆነው ኩባንያ መሥራቾች ይገኙበታል። ይህንንም በጽሑፋቸው ላይ አስታውቀዋል። ውጤቱን ውድቅ አያደርገውም፤ ይሁንና አንባቢ ሚዛኑን ሲይዝ ሊያስታውሰው ይገባል።

ሦስተኛው መንገድ የቀጥታ ቪዲዮ ነው። በኮፐንሃገን ከባድ ሲኦፒዲ ያለባቸው 134 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን በስክሪን ፊት ተሰብስበው ሆስፒታል ካለች ፊዚዮቴራፒስት ጋር ለአሥር ሳምንት አብረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት የቪዲዮው ከማዕከሉ እንደማይበልጥ አሳይቷል። አጥኚዎቹ ይበልጣል ብለው ነበር የጀመሩት። የጨረሱት ግን እዚህም በቪዲዮው ወገን በርከት ይላሉ።

የኮቪድ ወረርሽኝ ማዕከሎቹን ሁሉ ሲዘጋ፣ እስከዚያ ድረስ እንደ ሙከራ ይታይ የነበረው ነገር በአንድ ሰሞን ብቸኛው አማራጭ ሆነ። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገና ገምግሞ፣ 15 ጥናቶችንና 1,904 ሰዎችን አካቶ፣ የርቀት ተሃድሶ ከማዕከሉ ጋር ሲነጻጸር በእርምጃ አቅም ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል መሆኑን፣ የርቀቱን 93 በመቶ፣ የማዕከሉን 70 በመቶ ሰዎች እንደፈጸሙት ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ቶራሲክ ማኅበር ባወጣው መመሪያ ሕመምተኛው በማዕከልና በርቀት ተሃድሶ መካከል ምርጫ እንዲሰጠው በጥብቅ መክሯል። ምርጫው የሕመምተኛው መሆኑ የሚሰመርበት ነው።

ስክሪን የማያየው

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በአብዛኞቹ ጥናቶች ውስጥ ሕመምተኛው ቤቱ ከመላኩ በፊት በአካል ተመርምሯል፣ ተራምዷል፣ ተለክቷል። ልቡ ያልተረጋጋ፣ በቅርቡ የልብ ድካም ያጋጠመው፣ ከባድ የልብ ቫልቭ ጥበት ያለበት ሰው መጀመሪያውኑ አልገባበትም። መውደቅ የሚያሰጋው ሰው ብቻውን ሳሎን ውስጥ አይሠራም። ያለዚህ ምዘና ከኢንተርኔት ቪዲዮ አውርዶ መሥራት ስፖርት እንጂ ተሃድሶ አይባልም፤ ለአንዳንዱም አደገኛ ስፖርት ነው።

ሌላው ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። ከኮቪድ ወዲህ በብዙ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ውጭ አገር ያለ ልጅ ለእናቱ ከሚልካቸው ዕቃዎች አንዱም ሆኗል። ጠቃሚ ነው፣ ግን ፍጹም አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው እያለ በደም ምርመራ ግን ኦክስጅናቸው በእርግጥ ወርዶ የተገኙት ጥቁር ሕሙማን 11.7 በመቶ ሲሆኑ፣ ነጮቹ 3.6 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። መሣሪያው በብርሃን የሚለካ ስለሆነ የቆዳ ቀለም ያሳስተዋል፤ የሚያሳስተውም ከፍ አድርጎ በማንበብ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ደግሞ ሌላ ነገር ይደርብበታል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የጤነኛው ሰው ንባብ እንኳ ከባሕር ዳር ከተሞች ዝቅ ይላል። ስለሆነም ለንደን ወይም ሜልበርን ላይ የተጻፈ “ከዚህ ቁጥር በታች አቁም” የሚል መመሪያ እንዳለ ተገልብጦ ለቦሌ ወይም ለእንጦጦ ሥር ነዋሪ አይሰጥም። ቁጥሩን የሚወስነው ሕመምተኛውን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ሕመምተኛው ራሱ ሊያውቅ የሚገባው ቁጥሩ ምንም ይበል ምን የደረት ሕመም፣ ማዞር፣ ከንፈር መጥቆር ወይም ዕረፍት የማያስታግሰው ትንፋሽ ሲመጣ ማቆምና ዕርዳታ መጥራት እንዳለበት ነው።

የውጭዎቹ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ ሲጀምሩ “አሁን የት ነው ያሉት? አድራሻዎ ይኸው ነው?” ብለው ያረጋግጣሉ፤ አምቡላንስ ቢያስፈልግ የት እንደሚላክ ለማወቅ። እኛ ዘንድ መልሱ “ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር” ነው። የሚያስቅ ቢመስልም ከዚህ ጀምሮ ያልታሰበበት የርቀት ሕክምና አንድ ቀን የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

እዚህ አገር ምን ያስፈልገዋል?

ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ታትሟል። ቲቢያቸው ድኖ ሳንባቸው ተጎድቶ የቀረ 34 ሰዎች ለስድስት ሳምንት ተሃድሶ ጀምረው 29ኙ ፈጽመዋል፤ የመራመድ አቅማቸውም ሆነ የኑሯቸው ሁኔታ ተሻሽሏል። ይህኛው በማዕከል እንጂ በኢንተርኔት የተሰጠ አይደለም። ከጥቂት ሰዎች የተገኘና ማነጻጸሪያ ቡድን የሌለው ቢሆንም፣ ሕክምናው የሀብታም አገር ቅንጦት አለመሆኑን አመልክቷል። ኢትዮጵያ በዓለም ጤና ድርጅት መዝገብ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የስድስት ወር መድኃኒቱን ጨርሶ “ነፃ ነህ” ተብሎ የተሰናበተ፣ ግን ኮረብታ መውጣት ያቃተው ሰው ከጀርም ነፃ ወጥቷል እንጂ ከጠባሳው አልወጣም።

ጸሐፊው እንደሚያምነው፣ ለእኛ አገር የሚጠቅመው ምሳሌ ፖርትስማውዝ ሳይሆን ሜልበርን ነው። የኢንተርኔት ቪዲዮ ተመዝግቦ፣ ይለፍ ቃል አስታውሶ፣ ፓኬጅ ገዝቶ የሚሠራ የ68 ዓመት ሰው በአዲስ አበባ አይጠፋም፤ ግን ጥቂት ነው። ስልክ አንስቶ “ሀሎ” የሚል ግን በየቤቱ አለ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ቪዲዮ ይቆማል፤ የስልክ ጥሪ ቢቆረጥ መልሶ ይደወላል። በሜልበርን ያሠራው መተግበሪያ አልነበረም፤ በሳምንት አንድ ቀን እንደሚደወልለት የሚያውቅ ሰው ማክሰኞ ዕለት “አልሄድኩም” ላለማለት ሰኞ ዕለት ይሄዳል። የሚያስፈልገው ስፓይሮሜትር ያለው ክሊኒክ፣ የተለካ ኮሪደር፣ የሠለጠነ ፊዚዮቴራፒስትና የሥራው አካል ሆኖ የሚከፈልበት የስልክ ሰዓት ነው። ከእነዚህ ውስጥ አስቸጋሪው የመጨረሻው ነው። ሆስፒታሎቻችን ለካርድ፣ ለመርፌና ለራጅ ዋጋ አላቸው፤ ለሃያ ደቂቃ የስልክ ምክር ግን ደረሰኝ መቁረጥ አልለመዱም። የማይከፈልበት ሥራ ደግሞ አንድ ትጉህ ባለሙያ እስከሚሰለች ድረስ ብቻ ይቆያል።

ሕጉስ?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችንና አረጋውያንን የማቋቋምና የመርዳት ግዴታ ይጥልበታል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 26 ደግሞ የተሃድሶ አገልግሎት በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና ሰዎች ከሚኖሩበት በተቻለ መጠን ቅርብ ሆኖ እንዲሰጥ ይጠይቃል። በአንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ሳንባው ስለተጎዳ ሥራ መሥራትና ከቤት መውጣት ያልቻለ ሰው በስምምነቱ ትርጉም ከአካል ጉዳተኛ ሊቆጠር አይገባውም የሚል ካለ፣ ክርክሩን ለመስማት ጸሐፊው ዝግጁ ነው። ስምምነቱ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ጉዳትንና ከአካባቢው የሚገጥምን እንቅፋት ይናገራል እንጂ በዓይን የሚታይ ክራንች አይጠይቅም።

በሌላ በኩል፣ ሕክምና በስልክና በኢንተርኔት ሲያልፍ መረጃም አብሮ ያልፋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የእናቴ የልብ ምትና የሳሎኗ ቪዲዮ የት ተቀምጧል፣ ማን ያየዋል፣ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ይሰረዛል ወይ ብሎ መጠየቅ ነገረኝነት አይደለም።

ከመክፈል በፊት

የቤት ውስጥ ተሃድሶ እንሰጣለን የሚሉ ድርጅቶች ማስታወቂያ ሲደርሰው አንባቢ ጥቂት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል። መጀመሪያ በአካል የሚመረምረው ማን ነው፣ ፈቃዱስ? የእርምጃ ፈተና አለ ወይስ ዕድሜ ጠይቀው ብቻ ያሠራሉ? ሥራው በየሳምንቱ ይጨምራል ወይስ ለሁሉም አንድ ቪዲዮ ነው? የሚደውለው ሰው አንድ ነው ወይስ በየጊዜው ይለዋወጣል? ጭራሽ የማይደውል ከሆነ ገንዘቡን ለኤሌክትሪክ ምጣድ ማዋሉ ይሻላል፤ ጭሱ እየቀጠለ እግርን ማጠንከር በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነውና።

እንዲሁም ስምንቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ ምን እንዳሰቡ ይጠየቁ። በሜልበርኑ ጥናት ከዓመት በኋላ ሕሙማኑ ሲለኩ፣ የቤቶቹም የማዕከሎቹም ያገኙት ጥቅም አብዛኛው ጠፍቶ ነበር። መራመዱን ያቆመ ሰው እግሩ ወደነበረበት ይመለሳል። በዚህ በኩል ቤት ውስጥ የጀመረው ሰው አንድ ብልጫ አለው፤ የሚራመድበት መንገድ ፕሮግራሙ ሲዘጋ አብሮ አይዘጋም። ያው የሰፈሩ መንገድ ነው፤ ከበር እስከ ዳቦ ቤቱ፣ ከዳቦ ቤቱ እስከ ታክሲ ፌርማታው። ልጆቹም ዳቦውን ራሱ ሄዶ እንዲገዛ ይተዉለት።